ሽቦ የሰፋሁበት ማሰሪያ

«እትየ፣ እህቴን ያዟት። ያንን ሽቦ ከእግሯ ላይ አገኙባት።»

ሰውየው የበረንዳዬን ቋሚ ተደግፎ ትንፋሹን ይሰበስባል። እኔ የአንድ ነጋዴ ሱሪ ጉልበት እየጣፍኩ ነበር፤ እግሬ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሰውየው የኩታበር ገበሬ ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። እህቱ እኔና ልጄ የሠራንላትን የእግር ማሰሪያ አስራ የምትሄድ ሴት ናት።

«ይቀመጡ አያ። ማነው የያዛት?»

«ምን መቀመጥ አለ! ወታደሮቹ ናቸዋ። ከከተማው መግቢያ፣ ከኬላው። ከመኪና ውረዱ አሉን፣ ወረድን። እሷ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ስትወርድ ሽቦው ታየ። አንዱ ‹ቦምብ!› ብሎ ጮኸ። ሰዉ እንደ ተደፋ ጤፍ ተበተነ። እኔም ሮጥኩ፤ ወላሂ አልዋሽሽም፣ የገዛ እህቴን ጥየ ሮጥኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለመፈንዳቱን ሲያዩ መጥተው ፈቱት። አገላበጡት። ‹ይሄ የወንበዴ መገናኛ ሬዲዮ ነው፣ ማን ሰጠሽ?› አሏት።»

«ምን አለች?»

አንገቱን ደፋ። «ምን ትበል? እውነቱን ተናገረች። ‹የሆስፒታሏ ልጅ ሠራችልኝ፣ እናቷ ሰፋችልኝ› አለች። ቤትሽን አልጠየቋትም ገና። መጠየቃቸው ግን አይቀርም ብየ በጓሮ በጓሮ መጣሁ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያ ማሰሪያ ለእኔ የእግር ነገር ነበር። አንድም ቀን በወታደር ዓይን አይቼው አላውቅም። ትንሽ ሣጥን፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በልብስ ስር የሚወርድ ሽቦ። ጦርነቱ ወደ ወሎ በቀረበበት፣ ከተማው በወታደር በተሞላበት በዚያ ዘመን ደሴ ላይ በልብስ ስር ሽቦ ይዞ መገኘት ምን እንደሚያመጣ ማንም አያጣውም። ስንቷ እናት ልጇ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ሲወሰድ አይታ ቀርታለች።

ልጄ ደግሞ ቤት የለችም። በጠዋት መዳብ ልታስቆርጥ ኮምቦልቻ ወርዳለች። ሁለተኛውን ማሰሪያ፣ አዲሱን፣ በቦርሳዋ ይዛዋለች። ማታ ስትመለስ ከሐረጎ ቁልቁለት ግርጌ ያለው ኬላ ቦርሳዋን ይከፍታል። ከላይ ከደሴ «ሽቦ የያዘ ሰው ፈልጉ» የሚል ቃል በመገናኛ ከወረደ፣ ልጄ አለቀላት።

ሱሪውን ከነመርፌው ጥዬ ተነሣሁ።

ማሰሪያው ምን እንደሆነ ልናገር፤ አለበለዚያ የፈራሁበት ነገር ለሰው አይገባም።

ልጄ የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሳ ሆስፒታል ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ትጠግን ነበር። እዚያ የጡንቻና የጅማት በሽተኞችን የሚያሻሽ፣ የሚያራምድ ሐኪም አለ። በወረቀት ፊዚዮቴራፒ ይሉታል፤ እኛ ግን «የሆስፒታሉ ወጌሻ» ነበር የምንለው፣ እሱም ይስቃል እንጂ አይቆጣም። እሱ ዘንድ ሻንጣ የሚያህል ማሽን ነበር። በሁለት ገመድ እግር ላይ ይለጠፍና ኮረንቲ በትንሽ በትንሹ ይለቃል፤ የሞተው ጡንቻ ይነቃል። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ልጄ ናት ከፍታ የምታስነሣው።

የኩታበሯ ሴት እዚያ ነው የተገኘችው። ምጥ ጠንቶባት ብዙ ቆይታ የሞተ ልጅ ወለደች። ራሷ ተረፈች፤ አንድ እግሯ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ወደቀ። የልጁ ራስ ከዳሌዋ ውስጥ ያለውን ነርቭ ተጭኖት ነው አለኝ ሐኪሙ። እግሯን ስታነሣ ጣቶቿ ወደ መሬት ይንጠለጠላሉ፤ እየጎተተች፣ ድንጋይ እየመታት፣ እየወደቀች ትሄዳለች። ሆስፒታል ተኝታ ማሽኑ ሲለጠፍላት እግሯ ቀጥ ይላል። ኩታበር ስትመለስ እንደገና ይወድቃል። ማሽኑ ኩታበር አይሄድ፣ ሴትየዋ ሆስፒታል አትኖር።

አንድ ቀን ልጄ እራት እየበላን፣ «እማ፣ ማሽኑን አሳንሰን እሷው ላይ ብናስረውስ?» አለችኝ።

«ኮረንቲን? ሰው ላይ? አስረሽ ልትሰጂያት?»

«ከባትሪ ድንጋይ ነው እኮ። ከግድግዳ አይደለም።»

«ከየትም ይምጣ! ኮረንቲ ኮረንቲ ነው!»

ሰሚ አጣሁ። ከሞቱ ሬዲዮኖች ሆድ ዕቃ እየነቀለች የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ ትተክል ጀመር። የሬዲዮኑን ድምፅ መጨመሪያ ወስዳ የኮረንቲው መጨመሪያ አደረገችው። ከተረከዝ ስር የምትገባ ጠፍጣፋ ማብሪያ ሠራች፤ ተረከዝ ከመሬት ሲነሣ ኮረንቲው ይሄዳል፣ ተረከዝ ሲያርፍ ይቆማል። ሰው በተራመደ ቁጥር እግሩ ራሱ ይነሣል ማለት ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሞክረው በራሷ እግር ላይ ነው። እሷ አልጋ ላይ እግሯን ዘርግታ መጨመሪያውን ስታዞር እኔ በር ላይ ቆሜ እንደሚሞት ሰው ከሊማ እላለሁ። እግሯ ዘለል ሲል ልቤም አብሮ ይዘላል። እኔን ግን አንድም ቀን አላስነካችኝም፤ እኔም አልተጠጋሁትም።

የእኔ ሥራ ጨርቁ ነበር። ሽቦው ሁለት ስስ የመዳብ ቁራጮች ላይ ያልቃል፤ ቁራጮቹ ከጉልበት በታች፣ ከውጭ በኩል፣ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ መቀመጥ አለባቸው። ጣት ታህል ከሸሹ እግሩ ወደ ላይ በመነሣት ፈንታ ወደ ጎን ይጣመማል። ላስቲክ ሰፋሁ፤ ተንሸራተተ። አጥብቄ ሰፋሁ፤ እግሯ አበጠ። ከመዳቡ ስር የሚገባውን ጨርቅ በጨው ውሃ ማራስ ያስፈልጋል፤ አቡጀዲ ባደርግ ቶሎ ደረቀና ሴትየዋ «ጉንዳን በላኝ!» ብላ ጮኸች። ሐኪሙ ውሃ የሚይዝ ወፍራም ነገር ፈልጊ ሲለኝ የብርድ ልብስ ቁራጭ አደረግሁ፤ ሲርስ ከብዶ ወደ ታች ጎተተው። መጨረሻ ላይ ፎጣ አጥፌ፣ በካኪ ከብቤ፣ አንድ ረድፍ ቁልፍና ሦስት ረድፍ ማቆለፊያ ቀዳዳ አወጣሁለት፤ እንደ እግሯ ማበጥና መክሳት እንድታጠብቅ፣ እንድታላላ። ለሣጥኑም ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ኪስ ሰፋሁ፤ የኩታበር ዝናብ አይታመንም።

ሴትየዋ አስራው የሆስፒታሉን ግቢ ስትዞር ያየ ሁሉ እልል አለ። ወደ አገሯ ይዛው ሄደች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ለግዳጅ ወደ ግንባር ተላከ። ስለ ማሰሪያው ሊመሰክር የሚችል የተማረ ሰው በከተማው አልነበረም ማለት ነው። ልጄና እኔ ብቻ።

ሰውየውን ቤት ውስጥ አስገብቼ በር ዘግቼበት ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ኮምቦልቻ የሚወርድ ሎንቺና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ረዳቱ ሲያየኝ ሳቀ።

«ማዘር፣ ቀስ በይ! ኮምቦልቻ እኮ ያው እታች ናት፣ የትም አትሄድም!»

«አንተ ሂድ ብቻ።»

«ሰው ሳይሞላ? ከእኔ ጋር ብቻሽን ብትታዪ ሰው ምን ይላል?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሲሞላ ሄድን። ሐረጎን ስንወርድ በቀኝ ገደል በግራ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ያን ቀን ግን ዓይኔን አልጨፈንኩም። ሽቅብ የሚመጣውን መኪና ሁሉ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ አየሁ። እሷ ከሆነችስ? ተላልፈን እሷ ወደ ደሴ ስትወጣ እኔ ወደ ኮምቦልቻ ብወርድስ? አንድ ነጭ ሻርፕ ያደረገች ልጅ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሳይ «አቁም!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ አልነበረችም።

«ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል? ልትጥይን ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሰው መስሎኝ ነው።»

«ሰው ናት እኮ!» አለ ረዳቱ።

ኬላው ላይ ወረድን። ወታደሮቹ ዘና ብለዋል፤ አንዱ ዘንቢሌን በእግሩ ነካ አድርጎ አሳለፈኝ። ቃሉ ገና አልወረደም ብዬ አሰብኩ። ወይም ወርዶ፣ የሚፈልጉት ሽቅብ የሚመጣውን ይሆናል። ይህን እያሰብኩ መንገድ ዳር ቆሜ ስቀር፣ መኪናው ላይ ረዳቱ ጎትቶ አወጣኝ።

ኮምቦልቻ ሙቀቱ ፊት ይመታል። ልጄን ከቦርከና ድልድይ ወዲህ ካለው የብረታ ብረት ቤት አገኘኋት። ሠራተኛው መዳብ በመቀስ እየቆረጠላት ያጉረመርማል።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅሽ ብረቱን እንደ ጨርቅ ቁረጥልኝ ትለኛለች። ጠርዙን አለስልስ፣ ማዕዘኑን አክብ! ሙሽራ ልትድሪ ነው እንዴ?»

ልጄ ሳቀችና ዞር ስትል ፊቴን አየች። ሳቋ ጠፋ። ወደ ወንዙ ዳር ይዣት ሄድኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«አምጪው» አልኳት። «ቦርሳውን አምጪ። ወንዙ ውስጥ ልጣለውና በዚያው ገጠር አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። እኔ እመለሳለሁ። ‹የማውቀው የለም፣ አሮጊት ልብስ ሰፊ ነኝ› እላለሁ።»

«እሷስ?»

«ማን?»

«የኩታበሯ። ወታደር መሐል ቁጭ ብላለች እኮ እማ። እኔ ከጠፋሁ ‹ሬዲዮ ነው፣ ባለቤቷም ሸሸች› ብለው ነው የሚደመድሙት። እሷን ምን ያደርጓታል?»

«አንቺን ምን እንደሚያደርጉሽስ? ለሰው ስታስቢ እናትሽን ልትገድያት ነው?»

ልጄ ያኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች፤ ግንባሯን ስትቋጥር ግን የአባቷን እናት ትመስላለች። አባቷ ከሞተ በኋላ ከእሷ ሌላ የለኝም።

«አብሽሪ» አለችኝ። «ሄደን እናሳያቸዋለን። የሚያራምድ ነገር ነው። ሲያራምድ ያያሉ።»

«ባያምኑስ?»

«ዓይናቸውን ያምናሉ።»

ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ በጠባሽው ጡቴ ይዤሻለሁ አልኳት። እያለቀሰች አቀፈችኝ እንጂ ሐሳቧን አልቀየረችም። ብቻዋን ልለቃት አልችል፤ ተከተልኳት። እኔ ማሰሪያውን ከውስጥ ልብሴ ስር ልሸሽገው ፈለግሁ። «የተሸሸገ ነገር ነው የሚያስይዘን» ብላ ዘንቢሌ ላይ ከላይ አስቀመጠችው፤ ሣጥኑ ጨርቁ ሽቦው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ለዓለም ይታያል።

የሐረጎ ግርጌ ኬላ ላይ ስንደርስ ወታደሩ አንድ ጊዜ አየውና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ልጄ ቀድማ ተናገረች። «የሆስፒታል ዕቃ ነው። እንደዚህ ዓይነት ይዛ ደሴ ኬላ ላይ የተያዘች ሴት አለች። ለአለቃችሁ ላሳይ እየሄድኩ ነው።» ወታደሩ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ገብቶ በመገናኛ ሲያወራ ሰማሁ። ሲወጣ ብቻውን አልነበረም። ሁለት ሆነው እኛው መኪና ላይ ከኋላችን ተሳፈሩ። በአጠገባችን የነበሩት ሴቶች ቀስ እያሉ ራቁን። እኔ በልቤ የማውቀውን ሱራ ሁሉ ቀራሁ፤ ሦስት አራቱን ብቻ ነው የማውቀው፣ እነሱን ደጋገምኩ።

የደሴው ኬላ አለቃ መቶ አለቃ ነው። ወፍራም ሰው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ። የኩታበሯ ሴት ከቆርቆሮው ቤት ጥግ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯ ተዘርግቷል፤ ያ የወደቀው የእግሯ መዳፍ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ልጄን ስታይ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ይቅር በይኝ። ስምሽን አላነሣሁም፤ ‹ልጅቷ› ብቻ ነው ያልኩት።»

«ምንም አይደለም እህቴ።»

መቶ አለቃው የሷን ማሰሪያ ጠረጴዛ ላይ አድርጎታል። «ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ ልጄ አስረዳችው። ጅማት፣ ጡንቻ፣ ተረከዝ። ሳያቋርጥ ሰማት። ከዚያ፣ «ወሬው ደህና ነው። አስነሺላት» አለ።

ልጄ ጨርቁን በውሃ አራሰች፣ ከሴትየዋ ጉልበት በታች አሰረች፣ ቆለፈች። ማብሪያውን ከተረከዟ ስር አደረገች። ሴትየዋ ወንበር ይዛ ቆማ ተረከዟን አነሣች።

ምንም የለም።

እግሯ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። ልጄ መጨመሪያውን አዞረች። ምንም። ጨምራ አዞረች፣ እስከ መጨረሻው። ምንም። በሩ ላይ የተሰበሰቡት ወታደሮች መሳቅ ጀመሩ።

«ድምፁን ጨምሪው፣ ዜናው እንዲሰማ!» አለ አንዱ።

«አስመራን ያዢልኝ!» አለ ሌላው።

ልጄ ፈትታ አዲሱን አሰረችላት። እሱም ምንም። መቶ አለቃው አልሳቀም።

«ሁለቱም ለእግር አልሆኑም» አለ። «እንግዲህ ለምን እንደሆኑ ሌላ ቦታ ትናገሪያለሽ።» ዞሮም ለአንዱ፣ «መኪና አዘጋጁ» አለው።

መኪና አዘጋጁ የሚለውን ስሰማ እግሬ አልቻለኝም። ወደቅሁ። ያዩት ለልመና ተንበረከከች አሉ፤ ለልመና አልነበረም፣ መቆም አቅቶኝ ነው። የወደቅሁት ከሴትየዋ እግር ስር ነው። ፊቴ ከጉልበቷ ጋር እኩል ሆነ፤ ያን ጊዜ ሸተተኝ። ቅቤ። የቆየ ቅቤ፣ ከጤና አዳም ጋር የተቀላቀለ።

«አንቺ፣ እግርሽን ምን ቀብተሽዋል?» አልኳት።

«ቅቤ ነዋ። የአገራችን ወጌሻ እኮ ነው፣ ባለፈው ሐሙስ መጥቶ ‹ይህ ጅማት ደርቋል፣ ጠዋት ማታ በቅቤ ካላሸሽው አይድንም› አለኝ። እሱንም አላስቀየምኩ፣ እናንተንም አላስቀየምኩ፤ ቅቤዬን ቀብቼ ከላዩ አስራለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ማሰሪያው ሰነፈብኝ። ዛሬም እሱን ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት።»

ልጄ አጠገቤ ቁጭ ብላ የሴትየዋን አሮጌ ማሰሪያ ፎጣ ጨመቀችው። ጣቷ አብለጨለጨ። እንደ ሻሽ ነጭ ሆነ ፊቷ፤ ከዚያ ደም መጣበት።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ቅባት ኮረንቲ አያሳልፍም። እግሯ በቅቤ ተሸፍኗል። ሳሙናና ጨው ይስጡኝ። ሳሙናና ጨው ብቻ።»

«ቅቤ?» አለ መቶ አለቃው።

«ያሽቱት» አልኩት እኔ፣ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድፍረት። «ወሎ ላይ የታመመ እግር ሁሉ ቅቤ ይቀባል። የእርስዎ እናት አልቀቡዎትም?»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ለመኪናው ሰው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ቆይ እንደማለት። «ከወጥ ቤት ጨው አምጡላቸው። ግን በእሷ እግር ላይ አይደለም። ከወታደር አንዱ ይታሰርለት፤ የጤነኛ ሰው እግር ሲነሣ ልይ። ማነው?»

ሳቁ ሁሉ ጠፋ። የሚቀልደው ወታደር ወደ ኋላ ሸሸ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ!»

ሰዉ መልሶ ሳቀ። እኔ ግን መዘዙ ታየኝ። አንዱ ወታደር ጥቂት ቢያመው፣ ወይም ደንግጦ ቢወድቅና ቢሰበር፣ ልጄ መቼም ከዚያ አትወጣም። ኮረንቲን ምን ያህል እንደምፈራ አላህ ያውቃል። አፌ ግን ቀደመኝ።

«እኔ ላይ እሰሩት።»

«እማ፣ አይሆንም—»

«እሰሪው አልኩሽ! የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ልጄ የአዲሱን ፎጣ በሳሙና አጥባ፣ በጨው ውሃ ነክራ፣ ከጉልበቴ በታች ቆለፈችልኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። መጨመሪያውን መልሳ ከታች አደረገችው፤ ጣቷ እንዳይስት ዓይኔን ከጣቷ አልነቀልኩም። «ተረከዝሽን አንሺ» አለች። ቢስሚላህ ብዬ አነሣሁ። መጀመሪያ ጉንዳን መጣ። ከዚያ ጉንዳኑ በዛ። ከዚያ እግሬ፣ የገዛ እግሬ፣ ሳላዘው ወደ ላይ ቀና አለ።

«ዋይ! አላህ! ማነው የያዘኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተረከዜን መሬት ባስነካሁ ቁጥር ይለቀኛል፣ ባነሣሁ ቁጥር ይይዘኛል። መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ እግሬን ያያል። «አንቺ አይደለሽም የምታነሺው?» አለኝ። «እኔማ ባወርደው ደስ ይለኝ ነበር!» አልኩት፤ ያን ጊዜ እሱም ፈገግ አለ።

የሴትየዋን እግር በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግመን አጠብን። ልጄ ማሰሪያውን ከእኔ አንሥታ ለሷ አሰረችላት። ሴትየዋ ተረከዟን አነሣች፤ የተንጠለጠለው እግር ቀስ ብሎ ቀና አለ። ከጥጉ እስከ በሩ ተራመደች፣ ተመለሰች። ጣቷ መሬት አልነካም። ያ ባለ ሦስት ልጅ ወታደር፣ «ይሄማ ለእኛም ይሆናል» አለ በቀስታ፤ ወደ ግንባር ሄደው እግራቸውን ጎትተው የተመለሱትን ጓደኞቹን ማለቱ ነው።

መቶ አለቃው አሮጌውን፣ ቅቤያሙን፣ ወደ መሳቢያው ከተተ። «ይህ እዚህ ይቆያል። ሆስፒታሉ ማኅተም አድርጎ ሲጠይቅ እሰጣለሁ። ማኅተም የሌለው ሽቦ በእኔ ኬላ አያልፍም።»

«የታሰረውስ?» አለች ልጄ።

«አስራው ትሂድ። ካልሆነ እየጎተተች እዚሁ ልታድርብኝ ነው? ሂዱ። ሂዱ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ወጣን። ኬላውን ከኋላ አድርገን ወደ ከተማው ወረድን፤ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ መውረድ ጀምሯል። የኩታበሯ ሴት መሐላችን ናት። ልሮጥ እፈልጋለሁ፣ ሮጠች እንዳልባል እፈራለሁ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሰው ይሮጣል።

«ቁሙ! ቁሙ!»

ልጄን በክንዷ ያዝኳት። መቶ አለቃው ሐሳቡን ቀይሯል። ጨርሶ ሐሳቡን ቀይሯል። ዞር ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። ወታደሩ ደርሶ ፊት ለፊቴ ቆመ፤ ያ ቀልደኛው ነው፣ ያለከልካል።

«ማዘር፣ በአንድ እግር ጫማ የት ልትሄጂ ነው?»

ቁልቁል አየሁ። አንዱ እግሬ ባዶውን ጭቃ ረግጧል፤ አልተሰማኝም ነበር። ጫማዬን ከእጁ ተቀበልኩና ማመስገን አቅቶኝ አለቀስኩ። እሱ ደነገጠ። «ምን አልኩሽ?» ይላል። ልጄና ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሳቁብኝ።

ቤት ስንደርስ የሴትየዋ ወንድም እንደ ዘጋሁበት ተቀምጧል፤ እህቱ በእግሯ ስትገባ ሲያይ ተነሥቶ ግድግዳውን ያዘ። «ሮጥኩብሽ እኮ» ይላታል። «ደግ አደረግህ፣ አንተም ብትያዝ ማን ይናገር ነበር» ትለዋለች። ልጄ ምድጃ ዳር ተቀምጣ ቂጣ ትበላለች፤ ሁለት ጊዜ ጨምሪልኝ አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ ጨመርኩላት። ከዚያ ለሴትየዋ ትነግራት ጀመር፦ ቅቤውን ለማታ አድርጊው፣ ጠዋት በሳሙና ታጠቢ፣ ከዚያ እሰሪ። ወጌሻውም አይቀየም። እኔንም፣ «እማ፣ ፎጣው ወልቆ እንዲታጠብ አድርጊው፤ ለብቻው የሚቆለፍ» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት። «ዛሬ መርፌ አልነካም።»

በሩን ቀረቀርኩ። ደጅ ላይ ማንም አልቆመም፣ ማንም አልተከተለንም። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ እቤቷ ናት፣ እኔም እቤቴ ነኝ። ድነናል።